በሌለህበት ያመለከትኩልህ ሥራ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለልጄ አባት፤

የሰላምታውን ክፍል አሳጥሬዋለሁ። እኛ ደህና ነን፣ አንተም ደህና ነህ ብዬ እገምታለሁ፣ ናፍቆቱን መስመር ከተረፈኝ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ለጠየቅኸኝ ልመልስ፦ አይ፣ ማመልከቻህ አልገባም።

መሥሪያ ቤታችሁ እዚህ ከተማ ለሚያቆመው አዲስ የጭነት መኪና ሚዛን ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ስሰማ፣ የሰው ቀሚስ ከነመርፌው ጥዬ ሮጥኩ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀቶችህን ሳይነካ፣ «በእጅ መቀበል ቀርቷል እህቴ፣ በኢንተርኔት ብቻ ነው» አለኝ።

«ባለቤቴ እኮ የእናንተው ሠራተኛ ነው። እዚያ ምድረ በዳ ላይ ስንት ዓመት መኪና ሲመዝንላችሁ!»

«የእኛ ከሆነማ ኢንተርኔቱ ያውቀዋል።»

«ዝውውርስ?»

«ዝውውር ቀርቷል። ሁሉም እንደ አዲስ ነው የሚያመለክተው።»

ኢንተርኔቱ አያውቅህም። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችውን የኮምፒውተር ቤት ባለቤት ታስታውሳታለህ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ተጫኚው» የሚላት፣ ለማንኛውም ጥያቄ መልሷ ይኸው ስለሆነ። አጠገቧ አስቀምጣኝ ገጹን ከፈትን። ስምህን ተቀበለ። የይለፍ ቃል ብዬ የልጅህን ስም ሰጠሁት፣ «በጣም ደካማ ነው» አለኝ። ልጄን ባያውቃት ነው። ቀጥሎ የምትሠራበትን ጣቢያ ከዝርዝር ምረጪ አለኝ። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ወረድኩት፣ ከታች ወደ ላይ ወጣሁት፤ ያንተ ጣቢያ የለም። መጨረሻው ላይ «ሌላ» የሚል አለ።

«ተጫኚው» አለችኝ።

ተጫንኩት። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በመንግሥት ዘንድ አንተ «ሌላ» ነህ።

እሱን እንደጨረስን «ቆይታዎ አብቅቷል፣ እባክዎ እንደገና ይግቡ» ብሎ የሞላነውን ሁሉ አጠፋው። መቼ ወጣሁና ነው እንደገና የምገባው?

አሁን ከአንተ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንዱ ፊርማና ማኅተም ያለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ስለ ራስህ ችሎታ የሚጠይቅ ብዙ ጥያቄ አለ፤ መልሱ በጣም ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ እየተባለ የሚመረጥ። ምን ልበልልህ? ቶሎ ጻፍልኝ። ልጅህ «አባባ የት ነው?» ስትባል ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ፎቶህን ታሳያለች። እዚያ የምትኖር ነው የሚመስላት።

የልጅህ እናት


ጥቅምት 24

ይድረስ ለልጄ እናት፤

ከቁም ሳጥኑ ላይ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ደብዳቤሽን ያመጣልኝን ዝምታን ለምን አመናጨቅኸው ብለሽ በቃል ልከሽብኛል። አላመናጨቅሁትም፣ ደንብ ነው የነገርኩት። አስቢው እስቲ። መኪናው ሚዛን ላይ ቆሟል። ሾፌሩ በመስኮት እጁን ዘርግቶ የታሸገ ፖስታ ይሰጠኛል፣ እኔም ፊቴ በርቶ ኪሴ እከተዋለሁ። ከኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች «የሚስቱ ደብዳቤ ይሆናል» የሚሉ ይመስልሻል? ስለዚህ ለሁሉም በአንድ ላይ ነግሬአቸዋለሁ፦ መኪናው ተመዝኖ ሳያልፍ ከማንም ፖስታ አልቀበልም፣ ስለ ፖስታም ወሬ አልሰማም። ዝምታም ሾፌር ነው። ስሙ የወጣለት አፉ ስለማይዘጋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ያን ዕለት ግን አኩርፎ ስሙን ሆነ። ስልክ አትደውልም ላልሽው፣ ስልኬ እዚህ የሚያገለግለኝ ሰዓት ለማየት ነው።

የልምድ ደብዳቤውን ነገር ልንገርሽ። ነዳጅ በሚያመጣልን መኪና ለዋናው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ላክሁ። መልሱ በዚያው መኪና ተመለሰ፦ «የሥራ ልምድ የሚጽፈው የጣቢያው ኃላፊ ነው።» ኃላፊው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ተጠባባቂው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ማኅተሙም የሚያድረው ትራሴ ሥር ነው። ምን ላድርግ? ወንበሬን አስተካክዬ «ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ሠራተኛ» ብዬ ጀመርኩ። ሰውየውን በቅርብ ስለማውቀው ማጋነን አልሆነልኝም። «በሥራ ገበታቸው ላይ ይገኛሉ» ብዬ አቆምኩ። ውሸት የለበትም፤ ሌላ የሚገኙበት ቦታ የላቸውም።

ስለ ጥያቄዎቹ፣ አባቴ «ራሱን የሚያወድስ ምስክር ያጣ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ከመካከለኛ እንዳታልፊ። አንዳንዱ ላይ ዝቅተኛ ብትዪም አይከፋም፤ የሚያነበው ሰው ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ጨዋ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው።

የልጅሽ አባት


ኅዳር 9

ይድረስ ለልጄ አባት፤

አሞኝ ነው እንዳልልህ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ገጹ አልከፍት ብሎኝ ነው። «ጥገና ላይ ነን፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። የትኛውን ትዕግሥቴን አይቶ እንደሆነ እንጃ።

አዎ፣ እንዳልከኝ ሞልቼ ልኬዋለሁ። «የጭነት ክብደት በትክክል የመለካት ችሎታዎ?» መካከለኛ። «ደንብን ያለ አድልዎ የማስከበር ልምድዎ?» መካከለኛ። እዚህ ላይ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። የገዛ ወንድሜን ከነጭነቱ የመለስክ ሰው ነህ፤ እስከ ዛሬ ደጃችንን አይረግጥም። «ያለ ቅርብ ክትትል የመሥራት ችሎታዎ?» ዝቅተኛ። ይኼኛውን ባታዘኝም እለው ነበር፤ የጓሮውን በር ማጠፊያ አስቀይራለሁ ያልከው መቼ ነው? ተጫኚው አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ላክ» የሚለውን እኔው ተጫንኩት።

ልጅህ ጥርስ ጨምራለች፣ ከታች በስተግራ። ማንኪያ ላይ ትሞክረዋለች። ባለፈው ሳምንት የውኃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ከበር ሲገባ «አባባ!» ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ደህና ሰው ነው፣ ደነገጠ። ከረሜላ ገዝቶላት ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ቆጣሪያችንን ቶሎ ቶሎ ማንበቡ አይቀርም። አከራያችን አጥሩን አረንጓዴ ቀለም አስቀብተዋል፣ ድመቷም አረንጓዴ ሆናለች። የአንገት ልብስ እየሠራሁልህ ነው፤ ግራጫ ነው፣ ግራጫ ትወዳለህ። ዝናቡም ቆሟል።

ስለ ውጤቱ እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ።

የልጅህ እናት


ኅዳር 21

ይድረስ ለልጄ እናት፤

ደብዳቤሽ ስለ ጥርስ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ድመትና ስለ አየር ጠባይ የተሟላ ዘገባ አለው። ስለ ውጤቱ አንድ መስመር። ውዴ፣ እኔ እኮ የምውለው ሸራ የለበሰ ጭነት ሲመጣ ሸራውን ሳልገልጥ፣ ጎማውን ብቻ እያየሁ ከልክ በላይ መሆኑን ስናገር ነው። ወድቄአለሁ አይደል? ንገሪኝ፣ አልሞትም።

የውኃ ቆጣሪ አንባቢውን ሰላም በይልኝ። ቅናት እንዳይመስልሽ። ቁመቱ ግን ምን ያህል ነው?

የልጅሽ አባት


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ይቅር በለኝ፣ አዎ። የወደቅኸው እኔ ከወንበሩ ሳልነሳ ነው። ገና ቦርሳዬን ሳነሳ ገጹ ተገለበጠና «ለቦታው የሚጠየቀውን ዝቅተኛ ብቃት አያሟሉም» አለኝ። አንድም ሰው አላነበበውም። በማን ዓይን ይነበብና!

ተጫኚው ያኔ ነው አፏን የፈታችው።

«ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የሞላሽው?»

«እሱ ነው ያለኝ። ሰው ራሱን አያወድስም።»

«እታለም፣ ይኼ እኮ ማሽን ነው። ይሉኝታ የሚባል አልተጫነበትም። መካከለኛ ስትዪው ‘እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው’ አይልም። መካከለኛ ነው፣ ይላል፣ አለቀ።»

«ሌላው ሰው ታዲያ ምን እያለ ነው የሚሞላው?»

«ከአንቺ በፊት እዚህ የተቀመጠው ጎረምሳ መንጃ ፈቃድ የለውም። በጣም ከፍተኛ ሾፌር ነው።»

ጥፋቱ የማን ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። የአባትህ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ያልነገርኩህ አዝኜ ሳይሆን አፍሬ ነው፤ በገዛ እጄ ባሌን ዝቅተኛ ነው ብዬ ጽፌ ስመጣ።

አሁን ስማኝ። ማስታወቂያው እንደገና ወጥቷል። በጣም ከፍተኛ ነን ያሉት ሁሉ የልምድ ደብዳቤ አምጡ ሲባሉ ጠፍተዋል አሉ። ያንተ የልምድ ደብዳቤ አለ። የጎደለህ ጉራ ብቻ ነው። ፍቀድልኝ። ልጅህ ፎቶውን አውርዳ ገንፎ ልታበላው ስትሞክር ነው ያገኘኋት፤ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም።

የልጅህ እናት


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለልጄ እናት፤

አልተቀየምኩም፤ ደግመሽ አትጠይቂኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ለጭነት መኪና የተሠራ ስለሆነ እኔን ከቁም ነገር አልቆጠረኝም፤ ዜሮ አለ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ስወለውለው የኖርኩ ሰው ነኝ። ተጫኚው ያለችው ያኔ ገባኝ።

በይ እንግዲህ፣ በጣም ከፍተኛ በዪኝ። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ እየጋለ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ በተለይ ለወንድምሽ። የሪፖርት አጻጻፍ የሚለው ላይ ግን «ከፍተኛ» ብቻ በዪ፣ «በጣም» እንዳትጨምሪበት። ሪፖርቶቼን ያነበበ አንድ ሰው እንኳ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቢኖር ዓይኑን ማየት አለብኝ።

ሰው ሁሉ እዚህ የሚያልፈው ለመሄድ ነው። የማላልፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያልቀረሁት፣ ወይም የቀረሁት፤ ሐሳቤን ማስተካከል አልቻልኩም። ልመጣ እፈልጋለሁ ለማለት ነው።

የልጅሽ አባት


ታኅሣሥ 27

ለልጄ አባት!

አለፍክ! ሁሉንም በጣም ከፍተኛ አልኩት። ሪፖርቱንም ጭምር፤ ይቅርታ፣ እጄ ከለመደ በኋላ አልመለስ አለኝ። ማሽኑ «እንኳን ደስ አለዎ» አለ፣ ተጫኚው ብድግ ብላ አቀፈችኝ።

ፈተናው ጥር 14 ጠዋት በአካል ነው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት። ለማንም አይደወልም፣ ደብዳቤም አይላክም፤ ገጹን ያየ አየ። ያልቀረበ ሌላ ቀን አይሰጠውም። ዝምታ ነገ ሲሚንቶ ጭኖ ይነሳል፣ ይህን ለእሱ እሰጠዋለሁ። በሦስት በአራት ቀን እጅህ ይገባል፤ ለመምጣትም፣ ለመላጨትም ጊዜ አለህ። የምሥራች መሆኑን ነግሬዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤ ለሱ መንገር ለከተማው መንገር ነው።

ሸሚዝ ሰፍቼልሃለሁ። ለልጅህ «አባባ ሊመጣ ነው» ብላት ቁም ሳጥኑ ሥር ቆማ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

የልጅህ እናት


ጥር 19

ይድረስ ለልጄ እናት፤

«ምነው ቀረህ?» ብለሽ በነዳጅ መኪናው የላክሽው ቁራጭ ወረቀትና ታኅሣሥ 27 የጻፍሽው የምሥራች ትናንት በአንድ ቀን ደረሱኝ። ያነበብኩት ቁራጩን አስቀድሜ ነው።

ዝምታ የመጣው በጊዜው ነው። ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ከልክ በላይ ነው፣ ያውም በብዙ። ትርፉን ሳታወርድ አታልፍም አልኩት። ከጣቢያው በታች ያለው ድልድይ ያን ክብደት አይችልም፤ እናቶች ሲያልፉበት ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣብቃሉ። የዕቃው ባለቤት ትርፉን የሚጭን ሌላ መኪና እስኪልክ ድረስ ዝምታ ከሁለት ሳምንት በላይ ጥግ ይዞ ቆመ። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ያወራል። ስለ አማቶቹ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም። አንድ ቀን ብቻ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን መኪና ብታሳልፋት ደስ የሚልህ ነገር ነበር።»

«ማባበያ ነው ማስፈራሪያ?» አልኩት፣ ሰው እየሰማ።

ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

ትናንት ሌላው መኪና መጣ፣ ትርፉ ወረደ፣ ተመዘነ፣ አለፈ። ዝምታ መኪናውን ማዶ አቁሞ በእግሩ ተመልሶ መጣና ፖስታሽን ሰጠኝ።

«መቼ ነው የሰጠችህ?»

«ከመነሳቴ በፊት።»

«ይህን ሁሉ ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ!»

«ደንቡ የማነው? ያላለፈ መኪና ፖስታ አይሰጥም፣ ወሬውንም አልሰማም ያልከው አንተ አይደለህም? ያውም በሰው ፊት።»

«የምሥራች መሆኑን ታውቅ ነበር እኮ!»

«ለሱ ነው እንጂ! ተራ ደብዳቤ ቢሆን በሆነ ዘዴ ባሾለክሁልህ። የምሥራች ይዤ፣ ከልክ በላይ ጭኜ፣ ሚዛንህ ላይ ቆሜ ‘ይኸውልህ’ ብልህ ምን ልትለኝ ነበር?»

ከዚያ ከፍቼ አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። አትቆጪው፤ አልቅሷል።

«አልጸጸትም» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ። በጣም እጸጸታለሁ። ነገ ያው መኪና በዚያው ጭነት ቢመጣ ግን የማደርገው ያንኑ ነው። ከዚህ የተሻለ ባል ይገባሽ ነበር።

የልጅሽ አባት


ጥር 30

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ንዴቴን ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ አንተ ጋ የሚደርሰው የተረፈኝ ነው።

ገጹን ከፈትኩ። ከስምህ ጎን በቀይ «አልቀረቡም» ይላል። ሥሩ ደግሞ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ይላል፣ ያው በጣም ከፍተኛ እስከ ዝቅተኛ። ይህኛውን ያለ ማንም ምክር ሞላሁት። ቅሬታ ላስገባ ብል ጣቢያዎን ይምረጡ አለኝ። ያንተ ጣቢያ የለም። «ሌላ» የሚለውንም አንስተውታል። ተጫኚው የሚጫን ነገር አጥታ ኮምፒውተሩን አጠፋችው።

ዝምታ መጥቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር። አስቀምጬ ውኃ ሰጠሁት፣ ሁሉንም ነገረኝ። አንተን ተናደድኩብህ። ቀጥሎ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ «ደንብን ያለ አድልዎ የማስከበር ልምድዎ» ሲለኝ መካከለኛ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። የተሻለ ባል የሚለውን ተወው። መርጬ ነው ያገባሁህ፣ ከዝርዝር አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ ግን አላመለክትልህም። እኔ ነኝ የምመጣው። «ለልጅ የሚሆን ቦታ አይደለም» ስትለኝ ኖረሃል፤ ለአባቷ ከሆነ ለሷም ይሆናል። በዚያ መንገድ የሚያልፉት ሾፌሮች ሸራቸው ተቀዳዶ፣ ወንበራቸው ሆዱ ወጥቶ፣ በአካባቢው መርፌ የያዘ ሰው የለም ብሎኛል ዝምታ። የስፌት መኪናዬ ሸራ ይበሳል፣ ሞክሬዋለሁ። ለአከራያችን ነግሬአቸዋለሁ። የሰው ልብስ እያስረከብኩ ነው።

«አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ከላክህ ዝምታ መንገድ ላይ እንዲጥለው አዝዤዋለሁ። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የመስኮትህን ልክ ላክልኝ። መጋረጃ ሳልሰፋ አልነሳም፤ ጨርቁ በእጄ ነው።

የልጅህ እናት


የካቲት 9

ይድረስ ለልጄ እናት፤

ስለ መስኮቱ ለጠየቅሽኝ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የምኖረው ኮንቴነር ውስጥ ነው፣ ከመርከብ የወረደ የብረት ሣጥን። መስኮት የለውም። ይህንንም የምጽፍልሽ በሩን ከፍቼ በሩ ላይ ተቀምጬ ነው። አትምጪ ስልሽ የኖርኩት ለዚህ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«አይሆንም» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ አላስጨርስ አለኝ። ተነሥቼ መንገድ ዳር የመኪኖችን ብረት የሚበይደው በያጅ ጋ ሄድኩ። መጣ፣ ግድግዳውን በመዶሻ መታ መታ አደረገና «መስኮት ይወጣዋል፣ የት ላይ ልቁረጠው?» አለኝ።

ስፋቱን ከጨርቅሽ ተነሺና አንቺው ወስኚ። ከፍታውን ግን ልነግረው አልቻልኩም። ልጅቷን ግድግዳ አስደግፈሽ አቁሚያትና ዓይኗ ከወለሉ ስንት ላይ እንደሚደርስ ለክተሽ ላኪልኝ። በያጁ እጠብቃለሁ ብሏል።

የልጅሽ አባት